ሰዓቱን ውሰዱበት፦ ክፉ ልማድን በትንንሽ መልካም ልማዶች የመተካት ዝርዝር መመሪያ

ጎጃሜን ጽናት ያንሰዋል የሚል ሰው ዐቢይ ጾምን አላየም። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ የማይቀምሰው ብዙ ነው። በዚያው አጋጣሚ አረቄውን፣ ሲጋራውን ወይም ጫቱን «ለጾሙ» ብሎ የሚያቆም አለ። ያቆማልም። ከዚያ ፋሲካ ይገባል። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ መለኪያው ወደ እጁ ይመለሳል።

55 ቀን የቻለን ሰው «ወኔ የለህም» ማለት ግፍ ነው። ችግሩ ሌላ ጋ ነው ያለው። አረቄው የሚጠጣበት ሰዓት፣ የሚጠጣበት ቤት፣ አብሮት የሚጠጣው ጓደኛ ጾሙን በሙሉ የትም አልሄዱም። ሰዓቱ ባዶውን ቆየ፤ ሌላ ነገር አልገባበትም። ጾሙ ሲፈታ የድሮው ልማድ ክፍት ቦታ አገኘና ገባ።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ክፉውን ልማድ ከመታገላችሁ በፊት ሰዓቱን የሚይዝ ትንሽ መልካም ነገር አዘጋጁ። ትንሽ ስል የምሬን ነው፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ።

አንድን ነገር በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ስንደጋግመው አእምሯችን ማሰቡን ይተዋል። እጃችን ራሱ ይሄዳል። ስልክ ለምን እንዳነሳችሁ ሳታውቁት ቲክቶክ ላይ ራሳችሁን የምታገኙት ለዚህ ነው። ክፉ ልማድ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ መልካሙም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ልማድ ብቻ ምረጡ

አዲስ ዓመት ሲመጣ «ዘንድሮ መጠጥ አቆማለሁ፣ ስፖርት እጀምራለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ» ይባላል። ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ። አንዱን ያዙ።

የመረጣችሁትን ደግሞ በዓይን እንደሚታይ አድርጋችሁ ጻፉት። «ስንፍና» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስንፍናን ማንም ሊያየው አይችልም። «ማታ ከራት በኋላ አልጋ ላይ ተጋድሜ እስከ 6 ሰዓት ስልክ አያለሁ» ሲባል ግን ይታያል። «መጠጥ አበዛለሁ» ሳይሆን «ከሥራ ስወጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቤት ጎራ እላለሁ»። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰዓትና ቦታ ከሌለ ገና አልጨረሳችሁም።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጡ ተመልከቱ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘልለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። በዚህ ሳምንት ለማቆም አትሞክሩ። ልማዱን እንደወትሮው አድርጉትና ብቻ ጻፉ።

የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ልማዱ በመጣ ቁጥር አምስት ነገር አስፍሩ፦ ስንት ሰዓት ነበር? የት ነበርኩ? ከማን ጋር? ከዚያ በፊት ምን እያደረግኩ ነበር? ካደረግኩት በኋላ ምን አገኘሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ጊዜ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ የማውቀው አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅም ነበር። ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «7 ሰዓት ተኩል። ምሳ በላሁ። ሙቀት። ተሳፋሪ የለም። ተራ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እንትና ይዞ መጣ። እንቅልፌ ተወኝ፣ ጨዋታ ደራ።» በማግሥቱም ያው ነው። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ያልተጻፈበት ሆነ። ለምን? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪ የሚያመላልስበት ኮንትራት ነበረው። ሲነዳ ውሎ ጫቱ ትዝም አላለው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ የሚፈልገው ከምሳ በኋላ የሚመጣውን እንቅልፍ ማባረርና ከሰው ጋር መጫወት ነው። ሁለተኛ፣ ልማዱ የሚኖረው ተራ በሚጠበቅባት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። «ጫት ጎጂ ነው» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ አይነግረውም። ጎጂነቱንማ ድሮም ያውቀዋል።

የእናንተም ደብተር በሳምንቱ መጨረሻ የሚደጋገም ነገር ያሳያችኋል። ሰዓት ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ስሜት ነው፤ ከአለቃ ጋር የተጋጨ ቀን፣ ብቻውን የሆነ ማታ። የተደጋገመውን ከሥሩ አስምሩበት። በሩ እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ያንኑ ፍላጎት የሚሞላ ትንሽ ተተኪ ፈልጉ

ተተኪው ልማዱ ይሰጣችሁ የነበረውን ነገር ቢያንስ በከፊል መስጠት አለበት። ጨዋታ ፍለጋ የሚጠጣን ሰው «ቤትህ ተቀመጥና መጽሐፍ አንብብ» ብትሉት ሦስት ቀን አይቆይም፤ ጨዋታውን አላገኘማ። እንቅልፍ ለማባረር የሚቅመውም ለእንቅልፉ መላ ይፈልጋል።

ትንሽነቱን በዚህ ለኩት፦ ትኩሳት ይዟችሁ፣ እንግዳ መጥቶባችሁ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን ልታደርጉት ትችላላችሁ? «አይ፣ ያን ቀንማ አልችልም» ካላችሁ ቀንሱት። ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ለመነሻ ትልቅ ነው። ጫማ አድርጎ እስከ ግቢው በር ደርሶ መመለስ ግን ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ ትደርሳላችሁ፣ ዛሬ ግን አይደለም።

የተለመዱትን አንድ በአንድ እንይ።

*የማታ ስልክ።* ማታ 3 ሰዓት ነው እንበል። ራት ተበልቷል፤ ቻርጀሩ ከአልጋው ራስጌ ተሰክቷል። «አንድ ነገር ልይና ልተኛ» ይባላል። ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል፤ አውራ ጣት ብቻ ናት የምትሠራው። ቴሌግራም ላይ አንድ ወሬ፣ ፌስቡክ ላይ ሌላ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ ነው። 6 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ራስ ይከብዳል። አዋቂ ሰው 7 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ 6 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ይጎድለዋል።

እዚህ ፍላጎቱ ዕረፍት ነው፤ ከቀኑ ጭንቀት መውጣት። ተተኪው ቀለል ያለ ይሁን። አንድ ገጽ መጽሐፍ። ዳዊት ለሚደግም ቤት አንድ መዝሙር፤ ከሁሉም አጭሩ ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ጊዜ የለኝም አይባልም። ለሌላው ደግሞ እግርን በለብ ያለ ውሃ መታጠብ። ይህ በብዙ የጎጃም ቤት ድሮም የነበረ ነው፤ ገላን ያረጋጋል፣ እጅም ስለሚያዝ ስልክ አይነሳም።

*አረቄና ቢራ።* ከሥራ መልስ ከሆነ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፦ ከሥራ ወደ ቤት መሸጋገሪያ የምትሆን ሰዓትና ጓደኛ። ስለዚህ ሰዓቱንም ጓደኛውንም አትጣሉ፤ ቤቱን ለውጡ። «11 ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ ቤት እንገናኝ» በሉት። ባሕር ዳር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ ከጓደኛ ጋር ጣና ዳር ቀስ እያሉ መሄድ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ማታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ትኩስ ነገር የሚቀርብበት ቤት ይሻላል። ሌላ የምወደው ዘዴ አለ፦ የአረቄውን ብር በዚያችው ሰዓት በቴሌብር ለብቻ ማስቀመጥ ወይም ለእቁብ መያዝ። ትንሽ ሥራ ናት፣ ግን ለእጅም ለልብም አንድ ነገር ትሰጣለች። ወር ሲሞላ ቁጥሩን ማየት ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ግን ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ካልጠጣ የማይረጋጋ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ቆርጦ ማቆም ሊገድለው ይችላል። መጠጡ በተቋረጠ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የሚጥል ነገር፣ መቃዠት፣ ከፍተኛ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። «ጠበል አስገብተን ይለቀዋል» ብላችሁ ብቻውን አትተዉት። ጠበሉም ይኑር፣ ሐኪምም ይየው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ሐኪም በመድኃኒት እየረዳ ሲያቆመው አደጋው ይቀንሳል። ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው።

*ጫት።* የባጃጅ ሹፌሩ ምሳ እንደበላ ባጃጇን ጥላ ሥር አቁሞ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ጀመረ። ከዚያ አጭር ሸለብታ። ከዚያ ሻይ፣ እዚያው ከሹፌሮቹ ጋር። ጨዋታውን አልተወም፤ የሚይዘው ነገር ተለወጠ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሌሊት ዱካክ ይኖራል። ሰውነት ከማነቃቂያው ሲላቀቅ የሚያደርገው ነው፤ ያልፋል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (ከጫት በኋላ መጠጣት) የለመደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ መተው ያለበት ጫቱን ነው። እሱ ሲቀር የማታው መጠጥ ምክንያቱን ያጣል።

*ሲጋራ።* ሐራራው ሲነሳ የማያልፍ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። የእናንተ ሥራ እነዚያን ደቂቃዎች መሻገር ነው። ቆሎ ኪስ ውስጥ ያዙ፤ አፍም እጅም ይሠራል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ይህን ለራሳችሁ ተጠቀሙበት፤ ሐራራው ሲመጣ ከማያጨሱ ሰዎች ጋር ገብታችሁ ተቀመጡ።

*ስኳር።* አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጣ በአንድ ተቀምጦ እዚያ ደረሰ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በረካውን ያለ ስኳር ጀምሩ። ቀጥላ ቶና። አቦልን መጨረሻ ላይ ድረሱባት።

ደረጃ 4፦ አዲሱን ነገር ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት

«ጠዋት ጠዋት» ሰዓት አይደለም። «ሲመቸኝ» ደግሞ ፈጽሞ አይመጣም። አዲሱ ልማድ በየቀኑ ሳይቀር ከሚሆን አንድ ነገር ጀርባ መቆም አለበት። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል፤ ሌላ አገር ያሉ ሰዎች የማስታወሻ አፕ የሚያወርዱበትን ሥራ እዚህ ጀበናው ይሠራዋል።

ጀበናው እሳት ላይ ከተጣደ እስኪፈላ ያለውን ጊዜ አስቡት። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ስልክ ይዘን እናሳልፈዋለን። «ጀበናው ሲጣድ ግቢውን አንድ ዙር እዞራለሁ» በሉ። ጀበናው ይጠራችኋል። «አቦል ሲቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ።» «ረከቦቱ ሲነሳ ነገ የምሠራውን አንድ ነገር እጽፋለሁ።»

ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖር የጠዋቱን ደወል ይያዝ። ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት አላቸው፤ ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ የትም አይገኝም። ከፈጅር በኋላ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ከኢሻ በኋላ ስልክን ሳሎን ማስቀመጥ። ሱቅ ያለው ሰው ሱቁን የሚከፍትበትን ቁልፍ ይጠቀም። መምህር የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ደወል። የገበያ ቀን ግን ለዚህ አይሆንም፤ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ልማድ ለመሥራት ይራራቃል።

ዓረፍተ ነገሩን በዚህ መልክ ጻፉት፦ «… እንዳደረግኩ፣ … ላይ ሆኜ፣ … አደርጋለሁ።» ለምሳሌ፦ «ራት በልቼ እጄን እንደታጠብኩ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ እተወዋለሁ።» ከበሩ ጀርባ ለጥፉት።

ወቅቱንም አትርሱ። በሐምሌ «በየቀኑ ከቤት ወጥቼ እራመዳለሁ» ማለት ለጎጃም ዝናብ አይሆንም፤ ጭቃውና ብርዱ በሁለተኛው ቀን ያስቀራችኋል። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር ምረጡ። ጥርና የካቲት ሠርግ ይበዛል፤ መጠጥ ለመተው የመጀመሪያ ሳምንታችሁን እዚያ ላይ አታድርጉ። ገበሬ ወገኖቼ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ላይ ናችሁና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ ያለውን መጠበቅ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ቤቱን አስተካክሉ

ሐራራ ላይ ያለ ሰው የሚያደርገው ቅርብ ያለውን ነው። ስለዚህ ክፉውን አርቁት፣ መልካሙን አቅርቡት።

ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጡ። «ታዲያ በምን እነሳለሁ?» ከሆነ ጥያቄው፣ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። መጽሐፉን ትራሱ ላይ አስቀምጡት፤ ለመተኛት ስትሉ ማንሳታችሁ የግድ ይሆናል። ስኳሩን ከረከቦቱ ላይ አንሡና ጓዳ ይሁን፤ የፈለገ ይጠይቅ። ውሃ በጆግ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። አረቄ ቤቱ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ከሆነ በሌላ መንገድ ግቡ፤ አሥር ደቂቃ ቢያስረዝምም ዋጋ አለው። ገረባው፣ መለኪያው፣ መተርኮሻው ከቤት ይውጣ። ዓይን ያየውን ልብ ይፈልጋል።

ስለ ቡና አንድ ነገር ላክል። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና 5 ሰዓትም ላይ ግማሹ አለ። በጊዜ መተኛት ያቃታችሁ፣ ከስልኩ ጋር የማታውንም ቡና ተመልከቱ። ቡናው ይፍላ፣ ጨዋታው ይቀጥል፤ እናንተ ቆሎውን ቅመሱና ስኒውን እለፉት።

ደረጃ 6፦ «በሞቴ» ለሚል ሰው መልስ አዘጋጁ

ጎጃም ውስጥ ልማድ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በፍቅር ነው። የሚወዷችሁ ሰዎች «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እኔን ካልናቅኸኝ» እያሉ ይቀዱላችኋል። እዚያ ቁጭ ብሎ መልስ መፈለግ አይሆንም። መልሱ ከቤት ይዞ የሚወጣ ነው።

መልሱ ሦስት ነገር ይኑረው። መጀመሪያ አክብሮት፤ ከዚያ አጭርና ግልጽ እምቢታ፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጠየቅ። እንዲህ፦

«እንካ፣ በሞቴ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ!»

«እትዬ፣ አንቱ ይኑሩልኝ። አረቄውን ትቻለሁ። ቡናዎን ግን በረካው ሳይደርስ አልነሳም።»

እትዬ አልተናቁም። የሚቀርበውን ነገር አልገፋችሁም፣ ሌላ ጠየቃችሁ እንጂ። ምክንያት አታብዙ፤ ምክንያት ክርክር ይጠራል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ብላችሁ ካልሆነ ነገር አትጀምሩ፤ «ለዛሬ ብቻማ ምን ያደርግሃል» ይከተላል፣ ከዚያ ሌላ ውሸት ያስፈልጋል። «ትቻለሁ» በቂ ነው። «ለመተው እየሞከርኩ ነው» ከሚለውም ይሻላል፤ «እየሞከርኩ» ሲባል ሰው ገና አልቆረጠም ብሎ ይገፋል።

ዝክርና ሰንበቴ ላይ አስቀድማችሁ አሳላፊውን አናግሩት። ቀሪቦ ወይም ብርዝ ካለ ያን ይቅዳላችሁ። እጅ ላይ የሞላ ነገር ካለ ማንም አያስቸግርም።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ሰው ያዙ። አንድ ብቻ። በየሳምንቱ እሑድ «እንዴት ሰነበተ?» የሚላችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ። የትዳር አጋር ለዚህ ሁልጊዜ አይሆንም፤ ቤት ውስጥ ጥያቄው ቁጥጥር ይመስልና ጠብ ያመጣል። ራሱም አንድ ነገር ለመተው የሚታገል ጓደኛ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ቀን አትዝለሉ

የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ባደረጋችሁት ቀን አንድ ጭረት። በቃ። ስንት ደቂቃ፣ ስንት ገጽ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ልማድ ለመሆን ስንት ቀን ይፈጃል? 21 ቀን ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት ሌላ ነገር ነው ያሳየው። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ እንዲያደርጉ ተደረገ። ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ውሃ እንደመጠጣት ያለው ቶሎ ይለመዳል፤ የአካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለል ሥራውን እንዳላበላሸም ታይቷል።

ስለዚህ አንድ ቀን ብትስቱ «አለቀልኝ» አትበሉ። በማግሥቱ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ትንሿን ነገር አድርጉ። ሁለተኛውን ቀን ግን አትልቀቁት፤ ሁለተኛው ቀን ሌላ ልማድ መጀመሪያ ነው። የሳታችሁበትን ቀንም ደብተሩ ላይ ጻፉት፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር። ቁጭት ያልነገራችሁን ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ጾሙ ልመለስ። ከዘወረደ ሰኞ የጀመረ ሰው ፋሲካ ሲደርስ 55 ቀን ይዟል። 66ኛው ቀን የሚውለው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ከልካይ የለም፣ ድግሱ ብዙ ነው፣ ልማዱም ገና አልጠነከረም። በጾሙ የተገኘው የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም የምትጀምሩ ሰዎች ለፋሲካ ጠዋት አስቀድማችሁ ዕቅድ ያዙ። «ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ያቺን ነገር አደርጋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። በበዓሉም ቀን ተተኪዋ ሳትቀር ትደረግ። ቢያንስ እስከ ርክበ ካህናት በዚሁ ጠብቋት።

ወር በገባ በ12 ወይም በ21 ደብተሩን ክፈቱ። ቀኑ የማይረሳ ስለሆነ ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ብዙ ጊዜ የሳትኩት መቼ ነው? ተተኪው ትልቅ ሆኖብኛል ወይ? ማሰሪያው በየቀኑ እየመጣ ነው ወይ? መልሱ አንዱን ነገር ያስቀይራችሁ፤ ሁለት ነገር በአንዴ ግን አትቀይሩ።

ማሳደግና ሁለተኛውን መጀመር

ትንሿ ነገር የምታድገው ስትቀር ቅር ሲላችሁ ነው። ጀበናው ተጥዶ ግቢውን ሳትዞሩ ከቀራችሁና አንድ ነገር የጎደለ ከመሰላችሁ፣ ሁለት ዙር አድርጓት። ያም ሲቀልል ከግቢ ውጡ። አንድ ገጽ የምታነቡ ከሆነ ሦስት። ደስ ያላችሁ ቀን አሥር ገጽ አንብቡ፣ ግን ግዴታችሁ ያቺው ትንሿ ትሁን፤ ከነገ ጀምሮ አሥር ነው አትበሉ።

ሁለተኛ ልማድ የሚጨመረው የመጀመሪያው ያለ ጭረትና ያለ አስታዋሽ መሄድ ሲጀምር ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ራሱ መንገድ ይከፍትለታል፤ በጊዜ የሚተኛ ሰው ጠዋት ለመንቀሳቀስ አቅም ያገኛል፣ መጠጥ የቀነሰ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ይተርፈዋል። ያኔ ለአዲሱ ልማድ አዲስ ገጽ ይገለጥና፣ ያችው ምንም የማይለወጥባት የምልከታ ሳምንት ትቅደም።